የጥሩወርቅ ቢላ ልብሱን ያወለቀ ዕለት

አዲስ ዕቃ ሁሉ ለብሶ ነው የሚመጣው። ልብ ብላችሁት ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ስልኩ ፊቱ ላይ ስስ ላስቲክ ለጥፎ ይመጣል። ሶፋው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣና ባለቤቱን መግፈፉ ያሳሳዋል፤ ስለዚህ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ሶፋው ወገቡን እንደታመመ ሽማግሌ ያቃስታል። የቴሌቪዥን ሪሞት ላስቲክ ውስጥ ተወልዶ ላስቲክ ውስጥ ይሞታል። እዚህ ሀርጌሳ ደግሞ የመቀመጫው ላስቲክ ሳይነሣ አሥራ አምስት ዓመት የተነዳ መኪና አውቃለሁ፤ ሾፌሩ አርጅቷል፣ ሞተሩ አርጅቷል፣ ፍየሎቹ እንኳ መንገድ የሚለቁለት አዝነውለት ነው። ላስቲኩ ብቻ ገና ሙሽራ ነው።

እኔ አርባ ዓመት በርና ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብሩሹን ሰቅዬ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ካለችው አንድ ክፍል ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የሚያልፈውን አያለሁ። በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ቆንጠጥ ሲያደርግ፣ አቧራው ከመሬት ተነሥቶ መውረዱን ረስቶ አየር ላይ ቆሞ ሲቀር፣ ከተማዋ ገና ከካርቶን ያልወጣች ትመስለኛለች። መንትዮቹ ኮረብታዎች ስስ ነገር ለብሰው ከሩቅ ይታያሉ። ወደ አየር ማረፊያው ዝቅ የሚለው አውሮፕላን ያንን ስስ ነገር በክንፉ ጫፍ ይዞ ቀስ እያለ የሚልጠው ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ሲላጥ ድምፁን እሰማለሁ። አታምኑኝም፤ ግድ የለም። ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አታምነኝም ነበር።

ሰውም ከአገሩ ሲወጣ የሚደርበው ነገር አለ። አገር ቤት ሳለን የገናን ጾም የካህናትና የባልቴቶች ጉዳይ አድርገን የኖርን ጎረምሶችና ጎልማሶች፣ ድንበር ተሻግረን እዚህ ስንደርስ አንድ ላይ መነኮስን። ቄስ በሌለበት ሁሉም ቄስ ሆነ። ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውለው ልጅ ሳይቀር ቅቤ የነካ ማንኪያና ያልነካ ማንኪያ ለይቶ፣ አንዱን በቀይ ክር አንዱን በነጭ ክር አስሮ ያስቀምጣል። ድሮ እናቱ ይህን ብታይ በደስታ ትሞት ነበር።

ይህን ነገራችንን አስቀድማ የተረዳችው ጥሩወርቅ ናት። ጥሩወርቅ የወልድያ ሴት ናት። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ስድስት ዓመት ማድ ቤት ውስጥ ተኝታ፣ ከዚያ ወጥታ ከእኔ ቤት ጎን ቆርቆሮና ሸራ አጋጥማ ምሳ ቤት ከፈተች። ሥጋ የሚባል ነገር በበሯ አይገባም፤ ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅንባት። ኋላ ግን ገባን። ሥጋ ካለ ማን አረደው የሚል ጥያቄ አለ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሽሮን ግን ማንም አያርደው። ስለዚህ ከግንባታ የሚወጡት የደጋ ልጆችና ከዋሄን ገበያ የሚመጡት ሙስሊም ነጋዴዎቻችን እሷ ዘንድ አንድ ትሪ ከበው፣ ለአንዲት ቃሪያ እጅ ለእጅ ሲጋጩ ይውላሉ። ሀርጌሳ ውስጥ እንዲህ ሆነን የምንቀመጥበት ሌላ ቦታ አላየሁም። ምናልባት በዓለምም የለ ይሆናል።

ከደንበኞቿ ሁለቱን ማወቅ ይበቃችኋል። አንዱ ተመስገን ነው፤ ሰድር አንጣፊ፣ የጎጃም ልጅ፣ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ግን አፍንጫው አያስቀምጠውም። የፈነዳ ቧንቧ ከሰድር ሥር የት ላይ እንዳለ አሽትቶ ያገኛል ይባላል። ጎረቤት ቤት ወጥ ሊያር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሄዶ አስጠንቅቋል የሚሉም አሉ፤ የሚሉት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሐጂ ሙሜ ናቸው፤ የሐረር ሰው፣ ዋሄን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከሚናገሩት የሚውጡት የሚበዛ።

እንግዲህ በዚያ በጾሙ መካከል የጥሩወርቅ ቢላ ሞተ። ከመሳል ብዛት ቀጥኖ ቀጥኖ፣ ትንሽ ቢቆይ ክር ሊያስገቡበት ነበር፤ አንድ ዱባ ላይ ቀጭ ብሎ ቀረ። ሥራ ፈቱ እኔ ስለሆንኩ ልግዛልሽ ብዬ ወደ ዋሄን ወረድኩ። ዋሄንን የማታውቁ ካላችሁ፣ እግር እንጂ ሰው የማይታይበት ገበያ ነው። ወዛደሩ ሦስት ፍራሽ ተሸክሞ ፍራሾቹ በራሳቸው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ገንዘብ መንዛሪው የገንዘብ ክምሩን ተደግፎ እንቅልፉን ይተኛል፤ ማንም አይነካውም፤ እኔም በአጠገቡ ሳልፍ የሕልሙ ጫፍ ይነካኛል። ከዚያ መሃል አንድ ቢላ ጠራኝ። ምላጩ እንደ ረጋ ውኃ ያብረቀርቃል። ፊቴን ብመለከትበት ሠላሳ ዓመት ተቀንሶልኝ፣ ጥርሴ ሞልቶ፣ ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ታየችኝ። ገዛሁት። ማን ነው የማይገዛው?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሸራው ሥር ሰው ጢም ብሏል። ተመስገን ቃሪያ ሊሰነጥቅ አዲሱን ቢላ ከጠረጴዛው አነሣ፤ አነሣና ሳይሰነጥቅ ቆመ። አፍንጫው ሥር አዋለው። በአውራ ጣቱ ምላጩን ዳበሰው። ብርሃን ላይ ገልበጥ ሲያደርገው ብረቱ ላይ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ማር የቀቡት የሚመስል ነገር ይታያል።

«እትዬ ጥሩ» አለ በቀስታ፣ «ይሄ ቢላ ስብ ስብ ይላል።»

እንዲያው ብታዩት። ሃያ እጅ ከትሪ ወደ አፍ ሲሄድ አየር ላይ ቆመ። አንዱ የጎረሰውን ያኝከው ይትፋው ጨንቆት ጉንጩን ነፍቶ ቀረ። በጾም፣ ሽሮው ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ ሰላጣው ላይ፣ ስብ በነካው ቢላ። 

ሐጂ ሙሜ ጣታቸውን ጠረጉና «የምን እንስሳ ስብ?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እኔን እያዩ ነው፤ ገዢው እኔ ነኛ።

ያኔ የባሰው መጣ። በእኛም በእነሱም ዘንድ ስሙ ምግብ ላይ የማይነሣው እንስሳ፣ ማንም ሳይጠራው ገብቶ ከትሪዎቹ መሃል ተቀመጠ። ቢላው ከየት አገር እንደመጣ ማን ያውቃል? ፋብሪካው ምን እንደሚቀባ ማን አየ? አንድ ባንድ ተነሡ። የተቆጣ የለም፤ የተሳደበ የለም፤ እጃቸውን ታጥበው፣ «እግዜር ይስጥልን»፣ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ወጡ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

ጥሩወርቅ ከሙሉ ድስቶቿ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሳታለቅስ ስትቀር ነው የፈራሁት።

«ጋሼ ደምሴ፣ ነገ ካልመጡ ከነገ ወዲያም አይመጡም» አለችኝ። «አንዴ የተጠረጠረ ማድ ቤት አይነጻም። ወደ ሰው ቤት ልመለስ ነው ማለት ነው። ተመልሼ በሌሊት ልብሴ የአሠሪ ደወል ልጠብቅ ነው።»

ከዚያ በቢላው ላይ ተነሣችበት። የፈላ ውኃ አፈሰሰችበት። በኦሞ አሸችው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ፣ በአቼቶ ፈተገችው፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቢላው ያየውን መከራ በዓለም ላይ ያየ ብረት የለም። ያ ቢጫ ጮራ ግን ንቅንቅ አላለም። ወስዳ ልትጥለው ስትል እጇን ያዝኩ። ከጣልሽው አመንሽ ማለት ነው አልኳት። ቀጥዬም የአርባ ዓመት ሙያዬን አወጣሁላት። ይህ ቫርኒሽ ነው፤ ብረቱ በመርከብ ሲመጣ የባሕር እርጥበት እንዳያዝገው ፋብሪካው የሚያለብሰው ካፖርት ነው፤ ስብ ቢሆን በሳሙናና በአመድ ሸሽቶ ነበር፤ በዚህ ሁሉ አመድ ያልለቀቀ ስብ እግዚአብሔርም አልፈጠረም።

አዳመጠችኝ። አዳምጣም ትክክለኛውን ነገር ጠየቀች። «እኔስ አመንኩዎት። ተመስገንስ?»

ይኸው ነው ችግሩ። ቤቴ ቀለም የማቀጥንበትና የማስለቅቅበት የተረፈ አኳራጅ ነበረኝ፤ በሁለት ደቂቃ ልጬ ልሰጣት እችል ነበር። ግን ገዢው እኔ፣ ላጪው እኔ፣ ምስክሩም እኔ ሆኜ ማን ይሰማኛል? በዚያ ላይ ምሳ ቤት ውስጥ አኳራጅ ቢሸት ከስብም የከፋ ነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ የሁሉም እህት የምትጠቀምበት፣ አፍንጫ ሁሉ የሚመሰክርለት ነገር ያስፈልገኛል። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ሐሳቡ ሲመጣ እኔው ራሴ አፈርኩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ።

ከመንገዱ ማዶ ሆዳን የምትባል የአገሩ ልጅ የሴቶች የውበት ቤት አላት፤ አማርኛ ከሠራተኞቿ ተምራለች፣ ያውም ቀልዱን ጭምር። ወንድ የማይገባበት በር ነው። ነጭ ፀጉሬን ይዤ መጋረጃው ጋ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የመጣሁበትን ነገርኳት። ውስጥ ሒና የሚቀቡት ሴቶች ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አዴር» አለችኝ፣ በእነሱ አጎቴ እንደማለት ነው፣ «እጅህን ነው እግርህን?»

የሴቶቹ ሳቅ መጋረጃውን አስነሥቶ ፊቴን መታኝ። በርበራ ወደብ ላይ ዓሣ አጥማጆች ሰምተው ቀና ብለዋል ብዬ እምላለሁ። ለቢላ ነው ብል ባሰ። ብቻ ልጅቷ ደግ ናት፤ ትንሿን ጠርሙስ ከነጥጧ ሰጠችኝና፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለማየት ነገ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ አለች። አልቀረችም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው መጣ፤ የመጣው ግን ሊበላ አልነበረም። ሸራው ደጃፍ ላይ ቆመው ያያሉ። የደጋዎቹ በአንድ ወገን፣ ነጋዴዎቹ በሌላው ወገን፤ ተለያይተው ሲቆሙ ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ጥሩወርቅ ምሳውን ሠርታለች፤ ሙሉውን፣ እንደወትሮው። ይህን ያደረገችው በተስፋ ነው በእልህ አላውቅም። ድስቶቿ ክዳናቸው በእንፋሎት እየተነሣ ይወድቃል፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም።

ቢላውን ነጭ ሰሐን ላይ አስተኛሁት። ጥጡን ነከርኩ። ድሮ ብሩሽ እንደምይዘው አድርጌ ያዝኩት። ከእጀታው ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ ሳብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በሕልም ነው የሚታየው። ያ በአመድ አልለቅም፣ በአሸዋ አልለቅም ያለ ጮራ እንደ ዓይን ሞራ ለስለስ ብሎ ተገፈፈ። ከሥሩ ሌላ ቢላ ወጣ፤ የማያብረቀርቅ፣ ግራጫ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለ ሰማይ የሚመስል። ጥጡ ቢጫ ሆነ። ሌላ ጥጥ ነከርኩ፤ እሱም ቢጫ ሆነ። ደጃፍ ላይ የቆሙት ሳይታወቃቸው አንድ እርምጃ ገቡ፤ ሁለቱም ወገን፤ ተጠጋጉ።

ጥጡን ለተመስገን ሰጠሁት። ችሎቱ የእሱ ነውና። አሸተተ። ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ አሸተተ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያንን አፍንጫ ያያል።

«ይሄ» አለ በመጨረሻ ደንገጥ ብሎ፣ «ሠርግ ሊሄዱ ሲሉ የእህቶቼ ክፍል ነው የሚሸተው።»

ሆዳን ከኋላ ሆና፣ እሷ እንዲህ ያለ ጥጥ በቀን መቶ እንደምትጥል መሰከረች። ያኔ ሐጂ ሙሜ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ «እንግዲያው ይህ ቢላ እስከ ዛሬ ውዱእ አልነበረውም» አሉ። ነጋዴዎቹ በሳቅ ፈረሱ። የኛዎቹ አልገባቸውም ነበርና ተነገራቸው፤ ጥፍሯን ቀለም የተቀባች ሴት ለስግደት ብትታጠብ ውኃው ጥፍሯ ላይ አይደርስም፣ መታጠቧም አይሞላላትም። ቢላውም እንዲያ ነው፤ ታጠበ እንጂ ውኃ ገላውን አላገኘውም። ይህ ሲገባቸው የኛዎቹም ሳቁ። አብረው የሳቁ ሰዎች ተለያይተው መቆም አይችሉም፤ እግራቸው እንቢ ይላል።

ጥሩወርቅ ቢላውን ወሰደች። በፈላ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ የመድኃኒቱ ሽታ እንዳይቀር። ከዚያ ሁሉም እያያት አንድ ቲማቲም ለሁለት ከፈለች። ማንም ምንም ሳይላት ትሪዎቹን ዘረጋች። ተቀመጡ። ያን ቀን የተበላው ምሳ ለሁለት ቀን የሚበቃ ነበር፤ የጋኑ ውኃ አልቆ ከጎረቤት ተቀድቷል። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ሸራው ሥር የገባው የቀትር ብርሃን በጭንቅላቶቻቸው ላይ ሲንሳፈፍ፣ እነዚያን ሰዎች ከርቀት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የማስታውሳቸው መሰለኝ።

ተመስገን ይቅርታ ጠየቃት፤ በሰው ፊት፣ ቆሞ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራው መልስ ትሪ አጠበላት። ቢላው ደግሞ ካፖርቱን ካወለቀ በኋላ በበነጋው ፊቱ ላይ የዝገት ጠቃጠቆ አወጣ። ፋብሪካው ለካ እብድ አልነበረም። ስለዚህ አሁን ሥራ ሲያበቃ የሰሊጥ ዘይት ይቀባል፤ ቀቢው ተመስገን ነው፤ ዘይቱን ሳያሸት አይቀባም። የሰው ቀለም አስለቅቀን የራሳችንን ቀባን ማለት ነው። ምን ይደረጋል፤ የምናውቀው እጅ ሲቀባው ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ ለሩቅ ሰው መናገር ይቀላል።

ቢላውን ዋሄን ላይ የገዛሁ ዕለት፣ መቁረጥ አለመቁረጡን እንዴት ልወቅ? ሻጩ ሞክረው አለኝ። ከጎኑ የግመል ሥጋ የሚሸጥበት መደብ አለ። መንጠቆው ላይ ሻኛው ተሰቅሏል፤ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ከሰማይ የወረደ ደመና የሚያህል። ሥጋ ሻጩ በእጁ ቁረጥ ቁረጥ አለኝ። እኔም በዚያ በቢላው መስተዋት ውስጥ ሚስቴን እንዳየሁ ፈዝዤ ነበር፤ ቆረጥኩ። አቤት አቆራረጡ። ድምፅ የለው፣ ክብደት የለው። ደግሜ ቆረጥኩ። ሠልሼም ቆረጥኩ። በጋዜጣ ጠርጌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ረሳሁት። ጥሩወርቅም በጥድፊያ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጋ ወደ ሥራ አስገባችው። ትዝ ያለኝ ተመስገን ቢላውን ወደ አፍንጫው ሲያነሣ ነው። ስብ፣ ያውም የግመል፤ ግመል ደግሞ ለእኛ በጾም ብቻ ሳይሆን በፍስክም የማይቀመስ። ስቡን ጥሩወርቅ በአመድና በሎሚ ያኔውኑ አጥባ ደፍታዋለች። እኔ በማግስቱ በአደባባይ የላጥኩት ምንም ያልበደለውን ቫርኒሽ ነው።

ልናገር አስቤ ነበር። ብናገር ግን ምሳ ቤቷ አለቀለት፤ እኔም ግማሹን ፈርቼ፣ ግማሹን አዝኜላት ዝም አልኩ። ጥፋቱን ባሕር ማዶ ያለ፣ አማርኛ የማያውቅ፣ መልስ የማይሰጥ ፋብሪካ ላይ ጫንኩት። ለነፍስ አባቴ ደብረ ብርሃን ደውዬ፣ አባ፣ በስልክ ንስሐ ይሆናል ወይ ስላቸው መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ አልደወልኩም። ከሁሉ የሚከብደኝ ተመስገን ነው። አንድ ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ጋሼ፣ አፍንጫ ያረጃል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። የሰድር አቧራ ይደፍነዋል አልኩት። አመነኝ። በከተማው ውስጥ ያለ አንድ እውነተኛ አፍንጫ በእኔ የተነሣ ራሱን ተጠራጠረ።

የገና ዕለት ሐጂ ሙሜ ተምር ይዘው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ሰላምታቸውን ለሁሉም አዳርሰው ሲያበቁ ደጃፌ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። አቧራው እንደወትሮው አየር ላይ ቆሟል። ከሸራው ሥር ተመስገን ቢላውን ዘይት ሲቀባ ይታየናል። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «አቶ ደምሴ» አሉኝ፣ «የእኔ ሱቅ ከግመል ሥጋ ሻጩ ፊት ለፊት ነው።»

ልጎርሰው የነበረውን ተምር አስቀመጥኩ።

«ሰሞኑን ሁሉ ያን ዕለት ያየሁትን ሳስብ» አሉ፣ «አንድ ነገር ብቻ ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ነው ሦስት ጊዜ የቆረጡት?»

ስጨምር የኖርኩት እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ቀነስኩ። «አንድ ጊዜ» አልኳቸው።